ፈረስ ከነጋዴ ሲገዙ ፈረሱንም ሻጩንም እንዴት ይመረምራሉ?

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

ምርጥ ዘር ሲገዙ ከረጢቱ ላይ የሚያነቡት ጽሑፍ አለ። ፈረስ ግን ምንም ሳይጻፍበት ገበያ ይቆማል። ዕድሜው ስንት እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት ምን ታሞ እንደነበር፣ ጋሪ የለመደ ስለመሆኑ፣ ይራገጥ ወይም ይናከስ እንደሆነ የሚያውቁት ከሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ አንዱ የፈረሱ አካል፣ ሁለተኛው የሻጩ ቃል። የፈረሱን አካል በዓይንና በእጅ መመርመር ይቻላል። የሻጩን ቃል ማመን ወይም አለማመን ግን የእርስዎ ውሳኔ ነው፤ በፈረስ ግዢ አብዛኛው ኪሳራ የሚመጣውም ከዚህ ላይ ነው።

ይህ ጽሑፍ ለጭነት፣ ለጋሪ፣ ለውድማ ወይም ለኮርቻ የሚሆን ፈረስ ከነጋዴ ለሚገዙ ሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ይጠይቁ፣ ከዚያ ይመልከቱ። ብዙ ገዢ ይህን ገልብጦ ይሠራዋል። መጀመሪያ ጥርሱን ያያል፣ እግሩን ያነሳል፣ ከዚያ ይጠይቃል። ነጋዴውም ገዢው ምን እንዳየና ምን እንዳላየ ካወቀ በኋላ መልሱን ያስተካክላል። በመሆኑም ዓይንዎ ሊያረጋግጠው የሚችለውን ነገር አስቀድመው ይጠይቁ። በሚታየው ላይ እውነት የተናገረ ሰው በማይታየውም ላይ ሊታመን ይችላል። በሚታየው ላይ የዋሸ ሰው ስለማይታየው የሚነግርዎትን ሁሉ ይተዉት።

ከማን ጋር እየተነጋገሩ እንደሆነ ይለዩ

በገበያ ፈረስ ይዞ የቆመ ሁሉ ባለቤት አይደለም። አንዳንዱ ያሳደገውን ወይም ሲሠራበት የኖረውን የሚሸጥ አርሶ አደር ነው። አንዳንዱ ባለፈው ገበያ ገዝቶ በዚህኛው የሚሸጥ አትራፊ ነጋዴ ነው። ሌላው ደላላ ነው፤ ፈረሱ የእሱ አይደለም፣ የሚከፈለውም ሽያጩ ሲያልቅ ብቻ ነው። ደላላ ፈረሱ ጤነኛ ሆነ አልሆነ ገቢው አይለወጥም። ስለዚህ የደላላን ምስክርነት ስለ ፈረሱ ጤና እንደ ማስረጃ አይውሰዱት፤ ስለ ዕለቱ የገበያ ዋጋ ግን ከማንም በላይ ያውቃል፤ በዚያ ይጠቀሙበት። ደላላ ሲያነጋግርዎት የመጀመሪያ ጥያቄዎ «ባለቤቱ የት አለ? እሱን አገናኘኝ» የሚል ይሁን። ባለቤቱን ለማቅረብ ሰበብ የሚያበዛ ደላላ ካጋጠመዎት ወደ ሌላ ፈረስ ይሂዱ።

ነጋዴ ሁሉ አታላይ ነው የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። በአንድ ገበያ ለዓመታት የሚሠራ፣ ቤቱ የሚታወቅ፣ በሚቀጥለው ሳምንትም እዚያው ቦታ የሚቆም ነጋዴ መጥፎ ፈረስ ቢሸጥልዎ ስሙ ይጠፋል፤ ገበያውም ይርቀዋል። አንድ ፈረስ ብቻ ሸጦ ዳግም የማይታይ እንግዳ ግን፣ አርሶ አደርም ቢሆን፣ የሚያጣው ነገር የለም። ስለዚህ «ነጋዴ ነው ወይስ ገበሬ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «ነገ ብፈልገው የት አገኘዋለሁ?» ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል። ከመግዛትዎ በፊት በነበሩት ገበያዎች አንድ ሁለት ጊዜ ሳይገዙ ሄደው ይታዘቡ። ማን በየሳምንቱ ይመጣል? ባለፈው የገዛ ሰው ሲያገኘው እንዴት ሰላም ይለዋል? ጋሪ ነጂዎች ከማን ይገዛሉ? ጋሪ ነጂ በፈረሱ የሚበላ በመሆኑ አንዴ ከከሰረበት ነጋዴ ዘንድ አይመለስም።

ምን ይጠይቃሉ?

ልጓሙን ሳይነኩ፣ አፉን ሳይከፍቱ በእርጋታ ይጠይቁ። «ወንድሜ፣ ይህ ዳማ ስንት ዓመቱ ነው? ከየት ገዛኸው? ከገዛኸው ስንት ጊዜ ሆነው? ምን ሲሠራ ነበር? ጀርባው ቆስሎ ያውቃል? መቼ ተከተበ?» ከሁሉም በኋላ አንድ ጥያቄ አይርሱ፦ «ጉድለቱ ምንድን ነው?»

ጉድለት የሌለበት ፈረስ የለም። ትንሽም ብትሆን አንድ ነገር የሚነግርዎ ሻጭ፣ ለምሳሌ «መኪና ሲያይ ይደነግጣል» ወይም «ከሌላ ፈረስ ጋር ሲበላ ይናከሳል» የሚል፣ «እንከን የለውም» ብሎ ከሚምል ሻጭ ይሻላል። መሐላን በተመለከተ አንድ ነገር እንበል፤ በገበያ መሐላ ርካሽ ነው። በማርያምም በጊዮርጊስም የተማለበትን ፈረስ ጥርስ ከፍቶ ማየት ድፍረት አይደለም።

ከየት እንደገዛው የሰጠውን መልስ በአእምሮዎ ይያዙት። የገበያውን ስምና ጊዜውን ደፍሮ የሚናገር፣ የሸጠለትን ሰው ቀበሌ የሚጠቅስ፣ የገበያ ደረሰኝ የሚያሳይ ነጋዴ ፈረሱ የተሰረቀ ላለመሆኑም የመጀመሪያ ምልክት ይሰጥዎታል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያንኑ ጥያቄ በሌላ አነጋገር ይድገሙት። እውነቱን የተናገረ ሰው መልሱ አይለወጥም።

ጥርሱ የሚናገረው

አሁን አፉን ይክፈቱ። ዕድሜ ነጋዴ አዘውትሮ የሚቀንሰው ነገር በመሆኑ የሻጩን ቃል ለመፈተን ከጥርስ የተሻለ ቦታ የለም። የሚመለከቱት በታችኛው መንጋጋ ፊት ለፊት ያሉትን 6 ጥርሶች ነው። የወተት ጥርስ ትንሽ፣ ነጭና ከድዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀጠን ያለ ነው። ቋሚው ጥርስ ግን ትልቅና ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው። መካከለኞቹ ሁለቱ በ2 ዓመት ተኩል ገደማ ይለወጣሉ፤ ከእነሱ ግራና ቀኝ ያሉት በ3 ዓመት ተኩል፣ የዳር ሁለቱ ደግሞ በ4 ዓመት ተኩል ይለወጣሉ። 5 ዓመት ሲሞላው አፉ ይሞላል። በወንድ ፈረስ ክራንቻ ጥርስ የሚወጣው ከ4 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ በባዝራ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይወጣም፤ ቢወጣም ትንሽ ነው።

ከ5 ዓመት በኋላ የሚታየው የጥርሱ ገጽ ነው። በአዲስ ቋሚ ጥርስ መሐል ጥቁር ጎድጓዳ ቦታ አለ፤ ፈረሱ ባኘከ ቁጥር እየተበላ ይሄዳል። ጎድጓዳው ከመካከለኞቹ ጥርሶች ላይ በ6 ዓመት፣ ከቀጣዮቹ በ7፣ ከዳርቻዎቹ በ8 ዓመት ገደማ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ዕድሜን በትክክል መቁጠር ይከብዳል፤ አሸዋማ መሬት ላይ የሚግጥ ፈረስ ጥርሱ ቶሎ ስለሚበላ የበለጠ ይከብዳል። ቢሆንም በላይኛው መንጋጋ የዳር ጥርስ ላይ ከድዱ ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ ጠቆር ያለ መስመር በ10 ዓመት አካባቢ መታየት ይጀምራል፤ በ15 ዓመት የጥርሱን ግማሽ፣ በ20 ዓመት ሙሉውን ይደርሳል። ሌላው ምልክት የጥርሶቹ አቀማመጥ ነው። ከጎን ሲያዩት የወጣት ፈረስ የላይና የታች የፊት ጥርሶች ቀጥ ብለው ይገጥማሉ፤ ሲያረጅ ግን ወደ ፊት እየሾሉ ይሄዳሉ።

ጥርስ ላይ የሚሠራ ተንኮልም አለ። ያረጀ ጥርስን ቆፍሮ ጎድጓዳ ማድረግና ማጥቆር በብዙ አገር የታወቀ የድሮ ማታለያ ነው። እውነተኛው ጎድጓዳ በዙሪያው ነጭ ጠንካራ ቀለበት አለው፤ የተቆፈረው የለውም። ጎድጓዳው የ6 ዓመት፣ አቀማመጡ የሽማግሌ ከሆነ አቀማመጡን ይመኑ።

ነጋዴው «7 ዓመቱ ነው» ካለዎትና ጥርሱ 8 ቢናገር ነገሩ ያለ ነው፤ ብዙ ነጋዴ በግምት ይናገራል። «6 ነው» ብሎዎት ጥቁሩ መስመር ግማሽ ጥርስ ወርዶ ካገኙት ግን ፈረሱ ከ15 ዓመት ያላነሰ ነው። በግምት ስህተት እዚህ አይደረስም።

እግሩና ጀርባው

ወደ ገበያ በማለዳ ይድረሱ። ምክንያት አለው። አንዳንድ ማነከስ ፈረሱ ሲሞቅ ይጠፋል፤ ነጋዴውም ይህን ስለሚያውቅ ገዢ ከመምጣቱ በፊት ፈረሱን አስሮጦ ያሞቀዋል። ገና በማለዳ ደረቱና ብብቱ በላብ ርሶ ካገኙት «ለምን?» ብለው ይጠይቁ።

ከዚያ በጠንካራና ደልዳላ መሬት ላይ በሶምሶማ ያስኪዱት። ገመዱ ልል ይሁን። ነጋዴው የፈረሱን ጭንቅላት አጥብቆ ይዞ የሚሮጥ ከሆነ ያስቁሙት፤ የፊት እግር ማነከስ የሚታወቀው በጭንቅላት ነውና። የታመመው እግር መሬት ሲነካ ፈረሱ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ያነሳል፤ ጤነኛው ሲያርፍ ዝቅ ያደርጋል። ሁለቱም የፊት እግሮቹ ካመሙት ግን ጭንቅላቱ አይወዛወዝም፤ እርምጃው አጭርና የተሰበሰበ ይሆናል። የኋላ እግርን ለማየት ከኋላው ቆመው የዳሌውን ከፍና ዝቅ ማለት ያነጻጽሩ። በቀኝም በግራም ጠበብ አድርገው ያዙሩት፤ ወደ ኋላም ያስኪዱት። በመጨረሻ አራቱንም እግሮች አንስተው ኮቴውን ይመልከቱ፤ ስንጥቅ፣ ሽታ ያለው ብስባሽ፣ ከሌሎቹ የበለጠ ሙቀት ያለው ኮቴ ካለ ይለዩ። እግር ሲነሳ የሚታገል ፈረስ ወይ አልተገራም፣ ወይ ያመዋል።

ፈረሱ የቆመበትንም ቦታ ልብ ይበሉ። የፊት እግሮቹ ከፍ ባለ ቦታ ከቆሙ ረዘም ብሎ ይታያል፤ ሣር ወይም ጭቃ ውስጥ ከቆመ ኮቴው አይታይም። ወደ ሜዳው መሐል ያስወጡት።

ለጀርባው ኮርቻውን አስወርደው ያለ ምንም ልብስ ይመልከቱት። በኮርቻ ወይም በጭነት ቦታ ላይ በዳማ ወይም በቡላ ፈረስ ጀርባ የሚታይ የተለየ ነጭ ጠጉር የድሮ ቁስል ነው። የዳነ ቁስል ብቻውን ግዢ አያስተውም፤ ነገር ግን ነጋዴው «ቆስሎ አያውቅም» ብሎ ከነበረ ጠጉሩ ሌላ ይናገራል። በአከርካሪው ግራና ቀኝ በእጅዎ ጫን ጫን እያሉ ይሂዱ፤ ቢያጎነብስ ወይም ዞሮ ሊናከስ ቢሞክር ያመዋል። የጎድን አጥንቱንም በመዳፍዎ ይዳስሱ። ጨው አልሶ ብዙ ውኃ በማጠጣት ሆድ መሙላት ይቻላል፤ ሥጋ ግን በአንድ ቀን አይሞላም።

ለጋሪ ከፈለጉት በጋሪ፣ ለጭነት ከፈለጉት በጭነት ይሞክሩት። ጋሪ የለመደ መሆኑ የሚታወቀው ሲጎትት ብቻ ነው። ከሙከራው በፊት ትንፋሹን ይቁጠሩ፤ ያረፈ ጤነኛ ፈረስ በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል። ከሠራ በኋላ ጥላ ስር አቁመው ይጠብቁ። ሩብ ሰዓት ያህል አርፎ አሁንም ሆዱ እየደለቀ የሚተነፍስ፣ ወይም የሚያስል ፈረስ ሳንባው ወይም ልቡ ችግር አለበት ማለት ነው።

በጣም የፈዘዘ፣ የታች ከንፈሩ የተንጠለጠለ፣ ድምፅ ሲሰማ ጆሮውን እንኳ የማያቀና ፈረስ «ጨዋ» ተብሎ ሲሸጥልዎ ይጠንቀቁ፤ ታሟል፣ ደክሟል፣ ወይም ማደንዘዣ ተሰጥቶታል። የሕመም ማስታገሻ መርፌም ማነከስን ለጥቂት ጊዜ ይደብቃል። ይህን በአንድ ቀን ምርመራ መለየት አስቸጋሪ ስለሆነ መፍትሔው ኋላ የምንመለከተው የሙከራ ጊዜ ነው።

ጎረቤትንም የሚጎዳ በሽታ

ማነከስ የእርስዎ ኪሳራ ብቻ ነው። ተላላፊ በሽታ ግን የቀበሌው ሁሉ ነው። ከእግሩ፣ ከአንገቱና ከደረቱ ቆዳ ስር እንደ ገመድ የተያያዘና እንደ መቁጠሪያ የተደረደረ እብጠት፣ አንዳንዱም ፈንድቶ መግል የሚያወጣ ካዩ ፈረሱ በሻጋታ የሚመጣ ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይተስ የተባለ በሽታ ሊኖርበት ይችላል። በቁስል፣ በዝንብ፣ በጋራ በሚጠቀሙበት ኮርቻና የጋሪ ዕቃ ይተላለፋል፤ ሕክምናው ረጅም ነው፣ ሁልጊዜም አይሳካም። ነጋዴው «ሽቦ ጭሮት ነው» ቢልዎ የሽቦ ቁስል አንድ ቦታ ይሆናል እንጂ በገመድ መስመር አይደረደርም። በዋጋ ቅናሽ አይታለሉ። ከመንጋጋው ስር ያበጠ እጢና ወፍራም ንፍጥ ያለበትንም ፈረስ እንዲሁ ይተዉት።

ለእርባታ ባዝራ ወይም ድንጉላ የሚገዙ ከሆነ፣ በተለይም ከአርሲና ከባሌ በኩል የመጣ ከሆነ፣ በግንኙነት የሚተላለፈው ዱሪን የተባለ በሽታ በእነዚያ አካባቢዎች ስለሚገኝ ብልታቸው አካባቢ እብጠት ወይም ፈሳሽ አለመኖሩን በእንስሳት ጤና ባለሙያ ያስመርምሩ።

ፈረሱ ከየት እንደመጣ የጠየቁበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለው ገዳይ በሽታ በጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች የሚተላለፍ ሲሆን እነዚህ ዝንቦች የሚበዙት በሞቃትና እርጥበት ባለው ቦታ ነው። ከብርዳማ ደጋ የመጣ ፈረስ በሽታውን ተላምዶ ላያውቅ ስለሚችል ወደ ወይና ደጋ ሲወርድ በክረምቱ መጨረሻ አካባቢ የመሞት ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ክትባቱ በአገራችን ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል። ነገር ግን በተከተበ ማግስት አይከላከልም። ነጋዴው «ተከትቧል» ካለ መቼና የት እንደሆነ ይጠይቁት፤ ማስረጃ ከሌለው እንዳልተከተበ ይቁጠሩት።

ነጋዴው ሲጣደፍ

የሻጭን ጠባይ የሚያሳየው ጊዜ ሲጠይቁት ነው። «ሌላ ገዢ አለኝ፣ አሁኑኑ ወስን» ማለት የተለመደ ነው። አንዳንዴ ያ ሌላ ገዢ የደላላው ወዳጅ ሆኖ ዋጋ እየጨመረ ያጣድፍዎታል። ሙከራ ሲጠይቁ የሚቆጣ፣ ባለሙያ ላምጣ ሲሉት «አታምነኝም እንዴ?» ብሎ የሚያኮርፍ፣ ወይም መንገድ ላይ ካልሆነ በስተቀር ገበያው ውስጥ አልሸጥም የሚል ሻጭ ላይ ገንዘብዎን አያውጡ። ከገበያ ውጭ በርካሽ የሚሸጥ ፈረስ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። የተሰረቀ ከሆነ ባለቤቱ ከእርስዎ እጅ ያስመልሰዋል፤ ገንዘብዎን የሚጠይቁት ደግሞ ሻጩን ነው፤ እሱም አድራሻ የለውም። ለዚህ ነው አባቶቻችን ያለ ዋስ ከብት የማይገዙት። ዋሱ የሚታወቅ፣ በአካባቢው የሚኖር፣ ከሻጩ ጋር አብሮ የመጣ እንግዳ ያልሆነ ይሁን።

በወረቀት ማሰር

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሸጡት ነገር ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ሻጮች ዋስትና እንዲሰጡ ያስገድዳል። ገዢው በበኩሉ ዕቃውን በጊዜው መመርመርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። ሲገዛ እያወቀ የተቀበለውን ጉድለት ግን ኋላ መልሶ ሊከራከርበት አይችልም። ሻጩ አውቆ የደበቀው ጉድለት ካለ «ዋስትና አልሰጥም» ብሎ ቢያጽፍም አያድነውም። ችግሩ ማስረጃ ነው። በቃል የተባለው ነገር በገበያው ጫጫታ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ሙሉውን ዋጋ ሳይከፍሉ የሚከተለውን የመሰለ ጽሑፍ ያዘጋጁ፦

«እኔ ሻጭ ______ ነዋሪነቴ በ______ ወረዳ ______ ቀበሌ የሆነ፣ ጠጉሩ ______ የሆነውን፣ ግንባሩና እግሩ ላይ ______ ምልክት ያለበትን፣ ዕድሜው ______ ዓመት የሆነውን ወንድ/ሴት ፈረስ ለገዢ ______ በብር ______ ሸጫለሁ። ፈረሱ የራሴ እንጂ የተሰረቀ ወይም በዕዳ የተያዘ አይደለም። ጋሪ/ጭነት/ኮርቻ የለመደ ነው። የማውቀው ጉድለት ______ ነው። ገዢው እስከ ______ ቀን ድረስ ሲሞክረው ማነከስ፣ ሳል፣ ወይም ያልነገርሁት ሕመም ቢገኝበት ፈረሱን ተቀብዬ ገንዘቡን እመልሳለሁ። የዛሬ ክፍያ ብር ______፣ ቀሪው ብር ______ የሚከፈለው ______ ቀን ነው።»

ከታች የሻጭ፣ የገዢ፣ የዋስና የሁለት ምስክሮች ስምና ፊርማ ይኑር፤ የሻጩን የቀበሌ መታወቂያ ቁጥርም ይመዝግቡ። የሙከራ ጊዜው ቢያንስ 7 ቀን ቢሆን ጥሩ ነው፤ በመርፌ የተደበቀ ማነከስ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይወጣል። ከዋጋው ሩብ ያህሉን እስከ ሙከራው ማብቂያ ማቆየት ከቻሉ ወረቀቱ ጉልበት ያገኛል። በዚህ የማይስማማ ነጋዴ ሁሉ አታላይ ነው ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ ፈረሱን በገዢ እጅ እንዳይጎዳበት ይፈራል፤ ፍርሃቱም ተገቢ ነው። እንዲህ ያለውን ነጋዴ ፈረሱን በእሱ ግቢ፣ እሱ ባለበት ለሁለትና ሦስት ቀን ልሞክረው ብለው ይጠይቁት። ሐቀኛው ይስማማል።

«የማውቀው ጉድለት» የሚለውን መስመር ባዶ አይተዉት። ሻጩ «የለም» ካለ «የለም» ተብሎ በእሱ ቃል ይጻፍ። ብዕሩ ወደዚያ መስመር ሲደርስ ብዙ ነጋዴ ቆም ይላል፤ በቃል ያልነገረዎትን የሚነግርዎትም ያኔ ነው።

ፈረሱ ቤት ሲደርስ

አዲሱን ፈረስ ከሌሎች የጋማ ከብቶች ጋር ወዲያው አያቀላቅሉት። ለ3 ሳምንት ያህል ለብቻው ያስሩት፤ የውኃ ገንዳው፣ ኮርቻውና የጋሪ ዕቃው የራሱ ይሁን። ጠዋት ጠዋት አፍንጫውን፣ ሳሉን፣ እበቱንና የቆዳውን ስር ይመልከቱ። የለመደውን መኖ ነጋዴውን ጠይቀው በዚያ ይጀምሩ፤ አዲስ መኖ በድንገት ቢሰጡት ቁርጠት ያመጣበታል። በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ቀበሌው የእንስሳት ጤና ኬላ ወስደው ያስመርምሩት፣ ያስከትቡትም። ጉድለት ካገኙ ባለሙያው ያየውን በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁና የሙከራው ቀን ሳያልፍ፣ ከምስክሮቹ አንዱን ይዘው፣ ወደ ሻጩ ይሂዱ።